ያልቆረጡ ምላጮች

የጋሼ ሙሄን ሞት የሰማሁት መሰላል ላይ ቆሜ ነው። ሜልበርን፣ ሜድስቶን የሚባል ሰፈር፣ አንድ አሮጌ የእንጨት ቤት ውስጥ የበሰበሰ መስኮት እየነቀልኩ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። የጻፈልኝ ጓደኛዬ ከድር ነበር። «ጋሼ ሙሄ ዛሬ ከሱብሒ በኋላ አረፉ። ቀብር ነገ ከዙህር በኋላ ነው» ይላል። «ኢንና ሊላሂ» አልኩና ስልኩን መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ የቀሩኝን ሦስት ሚስማሮች ቆረጥኩ። መስኮቱን አብሮኝ ከሚሠራው ከቪን ጋር ተሸክመን አወረድን፤ አዲሱን ገጠምን፤ ዳር ዳሩን በሲሊኮን ሞላን፤ ምሳችንን በላን። ቪን ፊቴን አይቶ «ዩ ኦኬ?» አለኝ። «ኦኬ ነኝ» አልኩት። አልዋሸሁትም። ምንም አልተሰማኝም።

አሁንም ቢሆን ብዙ አይሰማኝም። የጥርስ ሐኪም ማደንዘዣ ወግቶህ ጉንጭህን ስትነካው የሌላ ሰው ጉንጭ ይመስልህ የለም? እንደዚያ ነኝ። ሰው ስለሚወደው ሰው ሲጽፍ እንባውን እየጠረገ ነው ይባላል፤ እኔ የምጠርገው ነገር የለኝም። የምጽፈው የሆነውን ሁሉ በተራ በተራ ካላስቀመጥኩት ስለማይለቀኝ ነው።

መጀመሪያ ሥራዬን ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ጋሼ ሙሄን መንገር አይቻልም። አሮጌ መስኮት ነቅዬ አዲስ እገጥማለሁ። እዚህ በምዕራብ ሜልበርን ያሉት የድሮ የእንጨት ቤቶች መስኮታቸው ከግድግዳው ጋር የተያያዘው በረጃጅም ሚስማር ነው። ሚስማሩ ያለው ደግሞ በመስኮቱና በግድግዳው መሀል፣ ጣት እንኳ በማይገባበት ክፍተት ውስጥ ነው። ጉጠት አይደርስበትም፤ ተራ መጋዝም አይገባም። የሚገባው መልቲቱል የሚባለው መሣሪያ ብቻ ነው። ጫፉ ላይ የሁለት ጣት ስፋት ያላት ጥርሳም ብረት ትታሰርበታለች። ሞተሩ ሲነሳ ብረቷ አትዞርም፤ ግራና ቀኝ ትንቀጠቀጣለች፤ እየተንቀጠቀጠች ሚስማሩን ትቆርጠዋለች። እኛ ብሌድ ነው የምንላት፤ ጋሼ ሙሄ ግን ምላጭ ይሏት ነበር።

ምላጭ ሚስማር ላይ ዕድሜ የላትም። ጥቂት መስኮት ከነቀልክባት ጥርሷ ተበልቶ እንደ ማንኪያ ትለሰልሳለች። ሰው ሁሉ ይጥላታል፤ እኔም እጥል ነበር። አንድ ቀን ስጥል ከድር አየኝ። ከድር የወሎ ልጅ ነው፤ ሥራው የአየር ማቀዝቀዣ ቱቦ መግጠም ነው፤ እሱም ቀኑን ሙሉ ብረት ሲቆርጥ ነው የሚውለው።

«አንተ፣ ገና ያላለቀ ነገር እኮ ነው ቢን ውስጥ የምትጨምረው» አለኝ። «ብሬብሩክ አንድ ሽማግሌ አሉ። አዲስ ጥርስ ያወጡላታል።»

በማግስቱ ይዞኝ ሄደ። ጋሼ ሙሄ ብሬብሩክ ውስጥ ከልጃቸው ከሰሚራ ጋር በኪራይ ቤት ነበር የሚኖሩት። ከቤቱ ጀርባ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የመኪና ማቆሚያ አለ፤ መኪና ግን ቆሞበት አያውቅም። ረጅምና ቀጭን ሰው ናቸው። ቀኑ ሐሩር ቢሆንም ሰማያዊ ጋወናቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ነጭ ቆባቸውን አድርገው ጠረጴዛቸው ፊት ቆመው ነበር። ከድር ስሜን ሲነግራቸው እጃቸውን ዘረጉ። እኔም በሁለት እጄ ጨበጥኳቸው።

«እጅህን አይደለም» አሉኝ። «ምላጮቹን አምጣ።»

ሰጠኋቸው። አንዷን ጆሯቸው ጋ አስጠግተው በጥፍራቸው መታ አደረጓት። «ይቺ ደህና ናት።» ሁለተኛዋን መታ አደረጉ። «ይቺ ውስጥ ውስጡን ተሰንጥቃለች፤ ጣላት።» ሦስተኛዋን መምታት እንኳ አላስፈለጋቸውም፤ ጫፏ ሰማያዊ ሆኗል።

«ይቺን ማን ነው የገደላት?»

«እኔ ነኝ መሰለኝ።»

«ሞተሩን ስንት ላይ አድርገህ ነው የምትቆርጠው?»

«መጨረሻው ላይ ነዋ፣ ጋሼ። ሥራው እንዲፈጥን።»

«ሚስማሩ ሊያመልጥህ ነው?» አሉና ከድርን እያዩ ሳቁ። ከዚያ ግን እንደ ተማሪ አቁመው አስረዱኝ። ብረት ሰማያዊ ሲሆን ተቃጥሎ ጥንካሬው ወጥቷል ማለት ነው፤ ያ ብረት ከዚያ ወዲያ ምንም ብታደርገው አይስልም። ሞተሩን ቀነስ ማድረግ፣ ጠብታ ዘይት ጣል ማድረግ፣ በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በሁሉም ጥርስ እያፈራረቁ መቁረጥ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አለመጫን። «ክብደትህን ለምን ትሰጠዋለህ? ጥርስ አለው። እሱ ይሥራ፤ አንተ ያዘው ብቻ።»

የወጣሁ የወረድኩ የመስኮት ሠራተኛ ነኝ እያልኩ የምመጻደቅ ሰው፣ አንድ ጡረተኛ መሣሪያ አያያዝ ሲያስተምረኝ ተናደድኩ። በሳምንቱ እንዳሉኝ አድርጌ ሠራሁ። አንዲት ምላጭ እጥፍ ቆየችልኝ። ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ተመለስኩ፤ ከዚያ በኋላ ቤተኛ ሆንኩ።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። አራት አምስት ያረጁ ምላጮችን አንድ ላይ ደርበው በሁለት ቁራጭ ብረት መሀል፣ ሞርሳ በሚሉት የብረት መቆንጠጫ ያስራሉ። ጥርስ የሚወጣበትን ቦታ በስለታም መርፌ እየለኩ ይጭራሉ። ከዚያ እንደ ወረቀት የሳሳ ዲስክ ባላት ትንሽ መፍጫ አንድ ጊዜ ነካ፣ አንድ ጊዜ ነካ እያደረጉ ጥርስ በጥርስ ያወጣሉ። ሦስት ጥርስ አውጥተው ይቆማሉ፤ በቲማቲም ቆርቆሮ ካስቀመጡት ውሃ በጨርቅ እየነከሩ ያቀዘቅዛሉ። የነዚህ ምላጮች ጠንካራው ብረት ጫፍ ላይ ያለችው ቀጭን ጥብጣብ ብቻ ናት። ጥብጣቧ ካለቀች የቀረው ለስላሳ ብረት ነው፤ እንጨት ይቆርጥ እንደሆነ እንጂ ሚስማር አይነካም። ስለዚህ አንዲት ምላጭ የምትሳለው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። በሳሏት ቁጥር ጀርባዋ ላይ በብረት መምቻ አንዲት ነጥብ ይመቱባታል። ሦስት ነጥብ ያላትን ብታመጣላቸው «ይቺ ጡረታ ወጥታለች» ብለው ይመልሱልሃል።

ሥራውን የለመዱት ኮምቦልቻ፣ አንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ውስጥ ነው። እዚህ ከመጡ በኋላም እስከ ጡረታ ሥጋ ፋብሪካ ውስጥ ቢላዋ ሲስሉ ኖረዋል። ከጡረታ በኋላ ደግሞ ለእኛ። በጠቅላላው ስድስት ነበርን፤ መስኮት፣ ቧንቧ፣ ጣሪያ፣ ቱቦ ላይ የምንሠራ የሀገር ልጆች። ለሥራቸው የሚቀበሉት ነገር አልነበረም። የሚፈልጉት አንድ መልስ ብቻ ነው። የተሳለውን ወስደህ በሚቀጥለው ሳምንት ስትመጣ፣ ገና ከበሩ ሳትገባ፣ ሰላምታም ሳይቀድም ይጠይቁሃል።

«ቆረጠ?»

«ቆረጠ፣ ጋሼ።»

«አልሐምዱሊላህ። ግባ።»

ይህ ጥያቄ ለወግ የሚጠየቅ አልነበረም። አንድ ቀን ሥራ ላይ እያለሁ ደወሉልኝ። «ጀማል፣ ትናንት ከወሰድካቸው ውስጥ ነጭ ክር ያሰርኩባትን እንዳትጠቀምባት። ስስላት ሐሳቤ ሌላ ጋ ነበር፤ ጥርሷ አልተካከለልኝም። የት ነው ያለኸው?» ሜድስቶን ነኝ አልኳቸው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁለት አውቶቡስ ቀያይረው፣ ጋወናቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለች ሌላ ምላጭ ይዘው መጡ። የቤቱ ባለቤት የምትሆን ፈረንጅ ሴትዮ ዶክተር የመጣ መስሏት ቆማ አየቻቸው። ክር ያላትን ተቀብለው፣ ሌላዋን ሰጥተውኝ «አፉ በለኝ፤ ይቅር በለኝ» አሉኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ ለአንዲት ብሌድ?»

«ሰው እጄን አምኖ ነው ብረቱን የሚሰጠኝ። አፉ በለኝ።»

«አፉ ብያለሁ» አልኩ፤ ደስ ብሏቸው ተመለሱ። በሌላ ሰው ቢሆን ወግ አጥባቂነት ብዬ እስቅ ነበር። በሳቸው አልሳቅኩም።

ካወቅኋቸው በአራተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ አንድ ጠዋት የሳሉልኝን ምላጭ አስሬ ሚስማር ላይ ሳሳርፈው ጮኸ። ግማሽ እንኳ ሳይቆርጥ ጥርሱ ተጠረገ። ሁለተኛውን አሰርኩ፤ ያው ነው። ሦስተኛውን ገልብጬ ጀርባውን አየሁት። አምስት ነጥብ አለበት። አምስቱም አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው፣ አንዷማ ከጠርዙ ወጥታ ነው ያረፈችው።

ቅዳሜ ስሄድ አስተዋልኳቸው። ምላጩን ፊት ለፊት አያዩትም፤ አንገታቸውን ጠምዘዝ አድርገው በዓይናቸው ጠርዝ ነው የሚያዩት። ጥብጣቧ የምታልቅበት መስመር፣ ለእኔም ጠጋ ካላልኩ የማትታየኝ፣ ለሳቸው ጨርሳ ጠፍታለች። እስከዚያ ድረስ የሚስሉት በእጃቸው ልማድ ነበር። እጃቸው ያው ነው፤ አልተንቀጠቀጠም፤ ያምራል። የሚስለው ግን ለስላሳውን ብረት ነው።

«ቆረጠ?» አሉኝ።

አሁን ሳስበው ያ ጊዜ ለመናገር በጣም ቀላል ነበር። አንዲት ቃል ናት። «አልቆረጠም ጋሼ፣ ዓይንዎን ይታዩ» ብል ሰሚራ ሐኪም ቤት ቡክ ታደርግላቸው ነበር፤ ማን ያውቃል፣ መነጽርም ይበቃቸው ይሆናል። ግን ሽማግሌ ናቸው፤ አባት ናቸው፤ ፊታቸው ላይ ያ ጥያቄ አለ። እንዴት አድርጌ?

«ቆረጠ፣ ጋሼ» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ። ግባ።»

ለከድር ስነግረው ሳቀ። «አንተ ገና አሁን ነው ያወቅከው? የኔ መቁረጥ ካቆመ ዓመት ሊሆነው ነው።» እሱም «ቆረጠ» እያለ ነበር። የቧንቧ ሠራተኛው ገመቹም እንደዚያው። ስድስታችንም። ሳናወራ ተስማምተን ኖሯል። ያረጁ ብሌዶች እንወስድላቸዋለን፤ የሳሉትን ተቀብለን እናመሰግናለን፤ ጥግ ስንዞር ቢን ውስጥ እንጨምርና ከሱቅ አዲስ እንገዛለን። ሁለት ዓመት እንደዚህ ኖርን። የሚያሳፍረው ነገር ይሄ አይደለም። የሚያሳፍረው ደግ ሥራ የምሠራ ይመስለኝ የነበረ መሆኑ ነው። ሽማግሌ አላስቀየምኩም ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር ከዚያ ቤት የምወጣው።

ነገሩን ያፈረሰው ቪን ነው። ቪን የቬትናም ሰው ነው፤ እዚያው ብሬብሩክ ነው የሚኖረው። አንድ ቅዳሜ መኪናው ስለተበላሸ ወደ ቤቱ ላደርሰው ይዤው ስሄድ፣ መንገዴ ስለሆነ ጋሼ ሙሄ ጋ ጎራ አልን። እንግዳ ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። እጃቸውን በጋወናቸው ጠርገው ጨበጡት። አብሮኝ እንደሚሠራ ስነግራቸው ያንኑ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ጠየቁት።

«ማይ ብሌድ። ጉድ? ከት?»

ቪን ወደ እኔ አላየም፤ ቢያይ ዓይኔ ይነግረው ነበር። «ኖ ጉድ፣ አንክል» አለ፣ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው ፈገግ ብሎ። «ቱ ሶፍት።» ከዚያ በእጁ እያሳየ አስረዳቸው፤ አንድ ሚስማር ሳይጨርስ ጥርሱ እንደሚያልቅ፣ ጀማልም ቢን ውስጥ ጥሎ አዲስ እንደሚያስር። ክፋት አልነበረውም። በሱ ቤት ሠራተኛ ለሠራተኛ የሚነግረው ይሄንን ነው።

ጋሼ ሙሄ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም በአማርኛ፣ ቪን እንደማይሰማ እያወቅኩ፣ «እሱን አይስሙት ጋሼ፤ አጠቃቀሙን አያውቅም፤ እየተጫነ ነው የሚያቃጥለው» አልኩ። አሥራ አንድ ዓመት ብረት የቆረጠ ሰው ነው ቪን። እሱ ደግሞ ስለሱ መሆኑ ሳይገባው ፈገግ እያለ መፍጫዋን ያያል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉኝ።

«ምኑ፣ ጋሼ?»

«ተወው» አሉ። የመፍጫዋን ገመድ ከሶኬቱ ነቀሉና መጠቅለል ጀመሩ።

ከሳምንት በኋላ ደወሉልኝ። «መኪናህን ይዘህ ና። የምትወስደኝ ቦታ አለ።» ጋወናቸውን አልለበሱም፤ የጁምዓ ልብሳቸውን ለብሰው በር ላይ ነበር የጠበቁኝ። ወረቀት ሰጡኝ። በትልልቅ ፊደል የስድስታችን ስም ተጽፎበታል።

«አፉታ ልጠይቅ ነው» አሉ መኪና ውስጥ ሲገቡ። «ያልሆነ ሥራ እየሰጠሁ ‹ቆረጠ?› ስል፣ ምስጋና ስቀበል ከርሜያለሁ። ይሄ የሰው ሐቅ ነው፣ ጀማል። በእኔና በአላህ መሀል ያለውን እሱ ይምረኛል፤ የሰውን ሐቅ ግን ለባለቤቱ ነው የሚተወው። ይዤው መሞት አልፈልግም።»

ሜድስቶን ገመቹ ቤት ሄድን። ቫኑን እያጠበ ነበር። «ገመቹ፣ ስስልልህ የነበረው አልቆረጠልህም አሉኝ። አፉ በለኝ» አሉት። ገመቹ የውሃውን ጎማ ጥሎ ሁለት እጃቸውን ያዘ።

«ኧረ ጋሼ! ማነው እንደዚህ ያለው? የእርስዎ ብሌድ ባይኖር እኔ ቧንቧ እቆርጥ ነበር?»

«አፉ በለኝ ነው የምልህ።»

«ምን አጥፍተው ነው አፉ የምልዎ? እኔ ነኝ እንጂ አፉ ይበሉኝ የምል፣ ሳልጠይቅዎ የከረምኩት።» በትከሻቸው ላይ አሻግሮ ዓይኑን አፈጠጠብኝ፤ ማን ነገራቸው ማለቱ ነው።

ሌሎቹም ያው ናቸው። አንዱ ጉልበታቸውን ሳመ። አንዱ ምሳ ካልበላችሁ ብሎ በር ዘጋብን። ታርኔት፣ ከድር ቤት ስንደርስ ገና አልመሸም ነበር፤ እሳቸው ግን ደክሟቸዋል። በሩን የከፈተችው የከድር ትንሿ ልጅ «ዳድ! ኦልድ ማን ኢዝ ሂር!» ብላ ጮኸች። ከድር ሮጦ መጣ። ጥያቄውን ሲሰማ እጁን ወደ ላይ አነሳ።

«ወላሂ ይቆርጣል፣ ጋሼ! ወላሂ እላለሁ!»

«አትማል!» አሉት፤ ሲቆጡ ሰምቻቸው አላውቅም። «በእኔ ጥፋት ላይ አንተ የውሸት መሐላ ስትጨምር ሸክሜን አበዛህብኝ እኮ።»

ከድር ግን ጋራዥ ገብቶ አንዲት ብሌድ ይዞ ወጣ። «ይኸው፣ የእርስዎ ናት። እስካሁን እየቆረጠች ነው።» ጋሼ ሙሄ ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ጥርሷን ዳሰሱ። ቀስ ብለው ከዳር እስከ ዳር። ከሱቅ የተገዛች ናት፤ ማንም ስሏት አያውቅም። ጣታቸው እንደ ዓይናቸው አልከዳቸውም፤ የሳቸው እንዳልሆነች አወቁ። መልሰው እጁ ላይ አስቀመጡለት።

ስንመለስ መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ ነበር። ከዚያ መስኮቱን እያዩ ተናገሩ።

«አፉ የሚለኝ ሰው አጣሁ፣ ጀማል። አልበደልከንም ካሉኝ ምኑን ይማሩኛል? እናንተ ክፉ ልጆች አይደላችሁም። ግን በሩን ዘጋችሁብኝ።»

መሪውን ይዤ ፊት ለፊቴ ያለውን መኪና አያለሁ። ቀይ መብራት አስቆመን። ወደ እኔ ዞሩ፤ አንገታቸውን ጠምዘዝ አድርገው፣ በዓይናቸው ጠርዝ አዩኝ።

«ስድስተኛው ስም ያንተ ነው። የሰጠሁህ ምላጭ ቆረጠ?»

እውነቱን ብናገር ሁለት ዓመት ሙሉ ስዋሽ እንደኖርኩ መናገሬ ነው። ቪን ላይ ያላከክሁትንም መናገሬ ነው። ያን ጊዜ ያዘንኩት ለሳቸው አልነበረም፤ ለራሴ ነው።

«ቆረጠ፣ ጋሼ» አልኩ።

«እሺ» አሉ። አልሐምዱሊላህ አላሉም። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር ነው የኖሩት። ሰሚራ አንድ ቀን ደውላ ነበር። «አባ ቱሎቹን በሙሉ ፓክ አድርጎታል» አለችኝ። «ምን ሆኖ ነው? አንተ ጋር ወጥቶ ከተመለሰ ጀምሮ አይ ዶንት ኖው፣ ዝም ነው የሚለው። ና አናግረው።» እሑድ እመጣለሁ አልኳት። እሑድ ሥራ ነበረኝ። በሚቀጥለው እሑድም ሥራ አገኘሁ። ሥራ ሲጠፋ ደግሞ ራሴን አመመኝ። በርግጥ ለመናገር እየተዘጋጀሁ ነበር፤ መኪና ውስጥ ብቻዬን ስሆን ቃሉን ጮክ ብዬ እለማመደው ነበር። «አልቆረጠም፣ ጋሼ። አፉ ብዬዎታለሁ። እርስዎም አፉ ይበሉኝ።» በጣም አሳምሬ ቻልኩት።

ሰሚራ እንደነገረችን ሱብሒን ሰግደው ሲያበቁ ከምንጣፋቸው አልተነሱም።

ቀብራቸው ላይ ብዙ ሰው ነበር። ከወሎ የመጣው፣ ከአዲስ አበባ የመጣው፣ አብረዋቸው ሥጋ ፋብሪካ የሠሩ ሱዳኖችና ሶማሌዎች። ነፋስ አለ፤ ዝናብ የለም። ከድር አጠገቤ ነው የቆመው፤ ገመቹ ከፊታችን። ሶላቱ ከመጀመሩ በፊት ኢማሙ ወደ እኛ ዞረው እንደ ወጉ ተናገሩ።

«ወንድማችን በቃልም ሆነ በሥራ ያስቀየማችሁ ካላችሁ አፉ በሉት። ሐቅ አለኝ የሚል ካለም አሁን ይናገር።»

«አፉ ብለናል!» አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ። ከድርም ጮክ ብሎ አለ። እኔም አፌን ከፈትኩ፤ ሊወጣ የነበረው ያው ነበር። ሁሉም የሚለው፣ ማንም ምን እንደበደሉት የማይናገርበት።

«እኔ ሐቅ አለኝ» አልኩ።

ሰው ዞረ። አንድ ሰው ከኋላ የጃኬቴን ጫፍ ጎተተኝ። በቀብር ላይ እንዲህ የሚባለው ዕዳ ያለ እንደሆነ ነው፤ ያውም ለቤተሰቡ በጆሮ ነው የሚነገረው። ኢማሙ ግን «ተናገር» አሉኝ።

«ጀማል እባላለሁ። ጋሼ ሙሄ የሳሉልኝ ምላጭ አልቆረጠም። ሁለት ዓመት ሙሉ አልቆረጠም። በየሳምንቱ ሲጠይቁኝ ቆረጠ እላቸው ነበር። አልቆረጠም። አፉ ብያቸዋለሁ።»

ከኋላ አንዱ «አስተግፊሩላህ፣ ስለ ብረት ነው የሚያወራው?» ሲል ሰማሁ። ሰሚራ ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብላ ቆማ ነበር፤ መስማት አለመስማቷን አላውቅም። ኢማሙ ትንሽ አዩኝና «አላህ ይቀበልህ» አሉ። «ሌላ ያለው አለ?» ወረቀቱ ላይ ስማቸው ከነበረው ውስጥ አራቱ እዚያው ቆመዋል። ሁሉም ጫማቸውን ያያሉ። ተሰገደ።

ካወረድናቸው በኋላ አፈር ለመመለስ አካፋ ያዝኩ። ሌላኛውን አካፋ ያነሳው ከድር ነው። አፈሩ እርጥብ ነው፤ አካፋው ላይ እየተጣበቀ ያስቸግራል። ጥቂት እንደሠራን ሳያየኝ ተናገረኝ።

«ለምንድን ነው በቁማቸው ያልነገርካቸው?»

«አንተስ?» አልኩት።

ሦስት አራት አካፋ ጨመረ። ከዚያ አካፋውን አቁሞ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አለ።

«ጋሼ፣ የኔም አልቆረጠም ነበር። አፉ ብያለሁ» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እርስዎም አፉ ይበሉን» አለ።

መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ሁለታችንም ጥቂት ቆመን ቆየን። ከኋላችን ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ስለነበሩ አካፋዎቹን አስረከብን።